ፊልሙ የት ላይ ያበቃል?

የምንወደው ምናባዊ ልቦለድ ፊልም ሊሆን ነው ሲባል በአድናቂዎች መካከል የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ ያው ነው። ጀግናዋን ማን ይጫወታታል? ፀጉሯ እንደ መጽሐፉ ቀይ ይሆናል ወይ? ያ የምንሳሳለት ምዕራፍ ይገባል ወይስ ይቆረጣል? ትሬይለሩ ሲለቀቅ ደግሞ ምስሉን በየሰከንዱ እያስቆሙ የጎራዴውን እጀታ መመርመር ይመጣል። ፊልሙ ወጥቶ ካሳዘነ በኋላ ጩኸቱ ይቀልጣል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ከእነዚህ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ዳር ዳሩን የሚዞሩ ናቸው። የተሳካውን ፊልም ከከሸፈው የሚለየው ብዙውን ጊዜ ካሜራ ሳይነሳ፣ ተዋናይ ሳይመረጥ የሚወሰን አንድ ነገር ነው፦ ፊልሙ ከመጽሐፉ የትኛው ነጥብ ላይ ያበቃል? ሌላው ለውጥ ከሞላ ጎደል ከዚህ የሚመዘዝ ነው።

የቆረጣውን ጉዳይ ቶሎ እንለፈው። በሙያው ልማድ አንድ ገጽ ስክሪፕት በግምት አንድ ደቂቃ ፊልም ይሆናል። የሁለት ሰዓት ፊልም ስክሪፕት እንግዲህ 120 ገጽ ገደማ ነው፤ ገጹም ብዙ ባዶ ቦታ ስላለው ቃላቱ ቢቆጠሩ በእንግሊዝኛ ከ20 እስከ 25 ሺህ ቢደርሱ ነው። 400 ገጽ ያለው ልቦለድ ግን 100 ሺህ ቃል በቀላሉ ያልፋል። ከአምስት እጅ አራቱ እንደሚቀር አውቆ ከወዲሁ እርምን ማውጣት ነው። ከሰባቱ የሃሪ ፖተር መጻሕፍት ረጅሙ አምስተኛው ሲሆን፣ ከእሱ የተሠራው ፊልም ግን 138 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ከስምንቱ ፊልሞች በአጭርነቱ ሁለተኛ ነው። መቆረጥ በራሱ አይገድልም። ከ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ፊልሞች ቶም ቦምባዲል የተባለው ገጸ ባሕርይ ከነምዕራፎቹ ቀርቷል፤ ታሪኩ ግን አልተናጋም። ከእሱ ምዕራፎች ለኋላው የሚያስፈልግ ነገር ቢኖር ሆቢቶቹ (የታሪኩ ቁመተ አጭር ጀግኖች) ከአንድ ጥንታዊ መቃብር የሚያገኟቸው ጎራዴዎች ናቸው፤ እነሱንም በፊልሙ ጦረኛው አራጎርን በእጃቸው ያድላቸዋል። አለቀ።

መጨረሻው ግን እንዲህ በዋዛ አይታለፍም። ልቦለድ፣ በተለይ የተከታታይ መጽሐፍ አንዱ ክፍል፣ በፈለገው ቦታ ሊያቆም ይችላል፤ አንባቢው ቀጣዩን ክፍል ይጠብቃል፣ ወይም ቀድሞውኑ መደርደሪያው ላይ አለው። ፊልም ጡዘቱን፣ ማለትም ግጭቱ የሚከርበትን ጫፍ፣ በመጨረሻው ሩብ ማድረስ አለበት፤ ዋናው ገጸ ባሕርይም እዚያው ሰዓት ላይ የሚጋፈጠው አደጋ ሊኖረው ይገባል። የመጽሐፉ ጡዘት ሌላ ቦታ ከሆነ አንድ ነገር ከቦታው መነሳት አለበት። ሲነሳ ደግሞ ተከትሎት የሚናድ አለ።

ነገሩን በቅርበት ለማየት ከዚሁ ከ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሁለተኛው ክፍል የተሻለ ምሳሌ የለም። መጽሐፉ ሁለት ግማሽ አለው። በመጀመሪያው አራጎርንና ጓደኞቹ ሄልምስ ዲፕ በተባለው ምሽግ ይዋጋሉ። በሁለተኛው ሆቢቶቹ ፍሮዶና ሳም ሰውን የሚያሳስተውን የክፋት ቀለበት ሊያጠፉ ይዘው ወደ ጠላት አገር ወደ ሞርዶር ይጓዛሉ፤ ፍሮዶ ሺሎብ በምትባል ግዙፍ ሸረሪት ተነድፎ በጠላት እጅ ሲወድቅ መጽሐፉ ያበቃል። አንባቢ አንዱን ግማሽ ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ግር አይለውም። ፊልም ግን ሁለቱን ጉዞዎች እያፈራረቀ ማሳየት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ የቀን ቆጠራ ይመጣል። በመጽሐፉ አባሪ ላይ ባለው የቀናት ሰንጠረዥ የሄልምስ ዲፕ ውጊያ ማርች 3 ሌሊት ነው። ፍሮዶ የሚያዘው ግን ማርች 13፣ በሦስተኛው መጽሐፍ ያለው የፔለኖር ሜዳ ጦርነት ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። ሁለቱ በአንድ ሌሊት የሆኑ አይደሉም። ሺሎብ የሦስተኛው መጽሐፍ ጦርነት ጎረቤት ናት።

ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን ስለዚህ ሺሎብን ወደ ሦስተኛው ፊልም አዛወራት። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ፊልም ሄልምስ ዲፕን ብቸኛ ጡዘቱ አደረገ፤ በ2003ቱም ፍሮዶ ከመራመድ ሌላ የሚሠራው ነገር አገኘ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ግን ዕዳውን ማን ይክፈል? ሺሎብ ስትነሳ ፍሮዶ በሁለተኛው ፊልም ማብቂያ ላይ የሚጋፈጠው አደጋ አጣ። በመንገዱ ላይ የቀረ ሰው ፋራሚር የተባለው የጦር አዛዥ ብቻ ነበር። የመጽሐፉ ፋራሚር ቀለበቱን መንገድ ላይ ወድቆ ቢያገኘው እንኳ እንደማያነሳው የሚናገር ጨዋ ነው፤ የፊልሙ ፋራሚር ፍሮዶን አስሮ ወደ ኦስጊሊያት ከተማ ይወስደዋል። አድናቂዎች እስካሁን ይህን ይቅር አላሉም። የስክሪፕቱ ጸሐፊዎች ቀለበቱ ማንንም የሚያሳስት መሆኑን ሁለት ፊልም ሙሉ ካሳየን በኋላ አንድ ሰው እንዲሁ በቀላሉ እምቢ ቢለው ኃይሉ ይረክሳል የሚል መልስ ሰጥተዋል። መልሱ ያሳምናል። ሆኖም ግፊቱ የመጣው ከሺሎብ መዛወር ነው፤ በፋራሚር ላይ የሚወርደው ቁጣ አድራሻውን ስቷል። ለቁጣ የሚገባው ቦታ ሌላ አለ፦ በዚሁ አዲስ ትዕይንት ፍሮዶ ቀለበቱን ይዞ ከጠላት አገልጋይ ከናዝጉል ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ጠላት ቀለበቱ የት እንዳለ በዓይኑ ካየ በኋላ ግን ምንም አይከተልም። ክፍተቱን ለመሙላት የገባ ትዕይንት የራሱን ቀዳዳ ከፈተ።

ይህ የተሳካው ሙከራ ነው። የከሸፈውን «ዘ ጎልደን ኮምፓስ» ላይ እናያለን። (መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ ይህን አንቀጽ ይዝለል።) ልቦለዱ ሲያበቃ ጀግናዋ ላይራ የምትወደውን ጓደኛዋን ሮጀርን ወደ አባቷ ታደርሰዋለች፤ አባቷ ግን ወደ ሌላ ዓለም የሚያሻግር መንገድ ለመክፈት ልጁን ይሠዋዋል። የታሪኩ ሁሉ ስሜት እዚህ ላይ ይገለበጣል፦ ልጅቷ ለማዳን ብላ ያደረገችው ሁሉ ለሞት አበቃው። ከዚህ ክፍል የተቀረጸ ምስል ነበር፤ በትሬይለሩም ታይቷል። በ2007 ፊልሙ ሲወጣ ግን የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ለተከታዩ ፊልም መክፈቻ ይሆናሉ ተብለው ተቆርጠው፣ ላይራ በአየር መርከብ ላይ ሆና ስለሚመጣው ስኬት በተስፋ ስታወራ ያበቃል። 180 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ፊልም በአሜሪካ 70 ሚሊዮን ገደማ ብቻ አስገባ። በሌላው ዓለም ብዙ ቢሸጥም ስቱዲዮው የውጭ አገር መብቱን አስቀድሞ ሸጦት ነበር። ተከታዩም ቀረ፤ የታሪኩ መጨረሻ አብሮ ቀረ። አንባቢዎች ያን መጨረሻ በስክሪን ያዩት በ2019 በተጀመረው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ነው።

«ዘ ሆቢት» ተቃራኒው በሽታ ያዘው። አንድ መካከለኛ መጽሐፍ በሁለት ፊልም ይሠራል ተብሎ ቀረጻው ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ሊወጣ አምስት ወር ሲቀረው፣ በጁላይ 2012 ሦስት እንደሚሆን ተነገረ። ሦስት ፊልም ማለት ሁለት አዲስ መቆሚያ መፈለግ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ፊልም ዘንዶው ስማውግ ከተማዋን ሊያቃጥል ሲነሳ ተቋረጠ፤ ሞቱ የሦስተኛው መክፈቻ ሆነ። ዓመት ሙሉ ያስጠበቀ ጠላት ተመልካች ወንበሩን ሳያሞቅ ሞተ፤ የቀረው ሁለት ሰዓት ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

መጨረሻ ስል የአንዱን መጽሐፍ ብቻ ማለቴ አይደለም። በ«ፐርሲ ጃክሰን» መጻሕፍት ልጁ 12 ዓመቱ ላይ ይጀምራል፤ ትልቁ ትንቢት የሚፈጸመው 16 ሲሞላው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ መጽሐፍ ወደዚያ ልደት የሚቆጠር ሰዓት ነው። የ2010ሩ ፊልም ልጁን ከመነሻው ጎረምሳ አደረገው፤ በ2013ቱ ተከታይ ትንቢቱን ለማስገባት ሲፈለግ ዕድሜውን ወደ 20 መግፋት ግድ ሆነ። ተዋናዩ ጥሩ ነበር። የጠፋው ሰዓቱ ነው።

መካከል ላይ ማቆም ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለትም አይደለም። «ዱን» ሳይንሳዊ ልቦለድ ቢሆንም ለትምህርት ይበጃል። የ2021ዱ ፊልም መጽሐፉን ከመሃሉ ቆርጦ ያቆመው ወጣቱ ፖል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በሚገድልበት የጩቤ ፍልሚያ ላይ ነው። ታሪኩ አላለቀም፤ ነገር ግን ልጁ ከዚያ በኋላ ወደነበረበት መመለስ አይችልም። ጥሩ መቆሚያ የሚባለው ይህ ነው።

እንግዲህ በመጠባበቅ ላይ ያለ አድናቂ ምን ያድርግ? መጽሐፉን ከመጀመሪያው ከማንበብ ይልቅ የመጨረሻውን ሢሶ ብቻ ይመለስበት፤ 450 ገጽ ከሆነ ከ300 ይጀምር። በየምዕራፉ አንድ ነገር ብቻ ይጻፍ፦ እዚህ ላይ ማን ምን ወሰነ? መመለሻ የሌላቸው ውሳኔዎች ሁለት ወይም ሦስት ቢሆኑ ነው፤ የፊልሙ መቆሚያ ከእነዚህ አንዱ መሆን አለበት። ከዚያ ለእያንዳንዱ፣ «ፊልሙ እዚህ ቢቆም ዋናው ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ምን ይጋፈጣል?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ «ምንም» ከሆነ አንድ ፋራሚር እየተዘጋጀ ነው። ይህን ሁሉ ፊልሙ ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ጨርሶ መጽሐፉን መዝጋት ይመከራል። በዋዜማው ያነበበ ሰው ሲኒማ ቤት የሚገባው እንደ ንብረት ቆጣሪ ነው፤ የጎደለውን ሲመዘግብ ያለው ያመልጠዋል።

ምልክቶቹ ከዜናው ይገኛሉ። በመጀመሪያ «መብቱ ተሸጠ» ማለት ፊልም ተጀመረ ማለት አይደለም። ስቱዲዮ ብዙ ጊዜ የሚገዛው ለ12 ወይም ለ18 ወር የሚቆይ፣ ሊታደስም የሚችል የመሥራት አማራጭ ነው፤ ሙሉው ክፍያ የሚፈጸመው ቀረጻ ሊጀመር ሲል ነው። ዓመታት እየታደሰ ቆይቶ የሞተ ውል ብዙ ነው፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ዜና ልብ ሰቀላ አያስፈልግም። ቀጥሎ የተዋናዮች ዝርዝር። በመጽሐፉ የመጨረሻ ሩብ ብቻ የሚመጣ ገጸ ባሕርይ ተዋናይ ከተመደበለት ፊልሙ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው፤ ካልተመደበለት ከወዲሁ መጠርጠር ይሻላል። ይህ ከፀጉር ቀለም የበለጠ ይናገራል።

በነገራችን ላይ መልክ ሁሉ የላይ ላዩን ጉዳይ ነው ማለት አይቻልም። የ«ኧርዝሲ» ደራሲ ኡርሱላ ለጉዊን ጀግናዋን ጌድን ቆዳው ቀይ ዳማ አድርጋ የጻፈችው ሆን ብላ ነበር። በ2004 የወጣው የቴሌቪዥን ድራማ ነጭ ተዋናይ ሲሰጠው በአደባባይ ተቃውማ ጽፋለች። እውነቷን ነው፤ የዚያ ዓለም ሕዝቦች አብዛኞቹ ነጭ አለመሆናቸው የልቦለዱ ሥር እንጂ ጌጥ አይደለም።

የጸሐፊዎቹ ስም ዝርዝርም ያወራል። በአሜሪካ የስክሪፕት ጸሐፊዎች ማኅበር ደንብ፣ በሁለት ስሞች መካከል አምፐርሳንድ የሚባለው ምልክት ካለ አብረው ጽፈዋል፤ ሙሉው «ኤንድ» የሚል ቃል ከገባ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ ተቀብሎ እንደገና ሠርቶታል። ሦስት አራት ስም በ«ኤንድ» ተያይዞ ሲታይ መጨረሻው በየእጁ ተለዋውጦ ይሆናል ብሎ መገመት ይቻላል። ትሬይለር ግን እምነት አይጣልበትም። ቅንብሩ ሳያልቅ የሚሠራ ነው፤ ሙዚቃው ብዙ ጊዜ የፊልሙ አይደለም። የላይራ መጨረሻም በትሬይለር ታይቶ ነው የቀረው።

ፖስተሩ ላይ ደግሞ «ክፍል አንድ» የሚለውን መፈለግ ነው። በ1978 ራልፍ ባክሺ «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን በካርቱን ሲሠራ ታሪኩን ሄልምስ ዲፕ ላይ አቁሞት ነበር። አከፋፋዩ ድርጅት ሰው ለግማሽ ፊልም ገንዘብ አይከፍልም ብሎ «ክፍል አንድ» የሚለውን ከርዕሱ አወጣው። ተመልካቹ ሙሉ ታሪክ አያለሁ ብሎ ገብቶ፣ ፍሮዶ ገና ሞርዶር ሳይገባ መብራት በራ። ሁለተኛው ክፍል አልተሠራም።