«አብሽሪ» ማስታገሻ አይደለም

እህቴን ለማስታመም ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ወንበር ላይ ሁለት ሌሊት አድሬያለሁ። በቀዶ ሕክምና ነበር የወለደችው። አጠገቧ የተኛችው ከሐረር የመጣች ወይዘሮም በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ወልዳለች። የወገብ ማደንዘዣው ሲለቅ ወይዘሮዋ አጥሚቷን ጠጥታ ልጇን አቀፈች። እህቴ ግን የአንሶላው ጫፍ ሲነካት ትጮሃለች። ተረኛዋ ነርስ «አብሽሪ እናቴ፣ ያልፋል» አለቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የተጻፈላት ትእዛዝ «ሲያማት ይሰጣት» ስለሚል መርፌው የደረሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው።

የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ መቻሉ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ማን የበለጠ እንደሚያመው ለዓመታት ተጠንቷል። ከፊት የነበረ ሕመም፣ ፍርሃትና ጭንቀት፣ የዕድሜ ወጣትነት፣ የቀዶ ሕክምናው ዓይነት ዋናዎቹ ምልክቶች ናቸው። እህቴ ወገቧን ሲያማት ከርሟል፣ በፍርሃትም እንቅልፍ አጥታ ነበር። የጠየቃት የለም። ስዊድን ውስጥ የሐሞት ከረጢታቸው በቀዶ ሕክምና በወጣላቸው ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ቀላል ነገር አሳይቷል፤ የግሉኮስ መርፌ ሲገባ የተሰማቸውን ሕመም ከ10 ከ2 በላይ ያሉት፣ በኋላ ለበረታ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ3 እጥፍ በላይ ነበር። መርፌው እንደሆነ ለማንም ይወጋል። የቀረው መጠየቅ ብቻ ነው።

በእርግጥ በእኛ አገር መጠየቅ ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። ያቺ ወይዘሮ ነርሷ «እንዴት ነሽ?» ባለቻት ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ሊነጋጋ ሲል ግን እህቴን ቀስ ብላ የተረፈ ፓራሲታሞል ለመነቻት። «አልሐምዱሊላህ» ምስጋና እንጂ የሕመም ልክ አይደለም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»ም እንዲሁ። «ተነሥተሽ መቀመጥ ትችያለሽ? ስታስይ ስፌቱ ይይዝሻል?» ቢባል፣ ያውም በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሐረሪ፣ መልሱ ሌላ በሆነ ነበር።

ጫትም አለ። በርጫ የቀኑ ሥርዓት በሆነበት ከተማ ታካሚው ትቅማለህ ወይ ተብሎ ሳይጠየቅ ይተኛል፣ ወይም እናቱ አጠገቡ ቆማ ይጠየቅና «በፍጹም» ይላል። ጫት በድንገት ሲቋረጥ ድካም፣ መደበርና ቅዠት ያመጣል፤ ድብርትና የተረበሸ እንቅልፍ ደግሞ ሕመምን ያከብዳሉ።

ባለሙያው ጥቂት ነው፣ ሥራው ብዙ ነው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ማሽን አይደለም። የማደንዘዣ ባለሙያው በዋዜማው ሲመጣ አራት ጥያቄ ይጨምር፤ ይበረታባታል ተብሎ ለሚገመተው ታካሚ ማስታገሻው «ሲያማት» ሳይሆን በሰዓት ይታዘዝ፤ የመጀመሪያውም ማደንዘዣው ሳይለቅ ይሰጥ።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። ግምቱ አንዳንዴ ይስታል፤ «ይህች ብዙ አያማትም» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ስትጮህ የሚያምናት እንዳታጣ። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጓሜ ሲያሻሽል፣ ሰው አመመኝ ካለ ቃሉ ሊከበር ይገባል ብሎ ጽፏል። ቅጹ ላይ የሚሞላው ግምት መድኃኒት ለማዘጋጀት እንጂ ታካሚን ለመሟገት እንዳይውል ከመጀመሪያው በግልጽ ይጻፍበት።