የልጅ ስዕል ቆሻሻ አይደለም!

ዛሬ ካልተናገርኩ ያመኛል። የልጆቻችን ስዕል እንደ ቆሻሻ የሚታየው እስከ መቼ ነው?

ልጅ ከሰዓቱን ሙሉ ወለል ላይ ተደፍቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ቀለም ሆኖ የሳለውን ስዕል አዋቂ ጨምድዶ ፌስታል ውስጥ ይከተዋል። ባለቤቱን ይጠይቃል? አይጠይቅም። የአዋቂ ወረቀት ቢሆን ግን፣ ያለፈበት የመብራት ደረሰኝ እንኳን፣ «ይሄ ያስፈልጋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል።

የበዓል ጽዳት ሲደርስማ ሆዴ ይረበሻል። ለፋሲካ አክስቴ ሊያግዙኝ መጥተው ነበር። እግዜር ይስጣቸው፣ ያልወለወሉት ነገር የለም። ከቡፌው ሥር የነበረውን ካርቶን ጎትተው አወጡና «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራልሻል? ለከሰሉ ይሆናል» አሉኝ። «ኧረ ይተዉት» ብዬ ወደ ወጤ ተመለስኩ። ቡና ሊፈላ ሲል ምድጃው ላይ ሐምራዊ ነገር አየሁ። የልጄ ዝሆን ነው። አምስት እግር ያለው ዝሆን። ለምን አምስት እንደሆነ ስጠይቃት «እየሮጠ ስለሆነ ነዋ» ያለችኝ። ግማሹ ነዷል። እሷም አየችው። «እማ፣ ስለማያምር ነው?» አለችኝ። ምን ልበላት?

አክስቴ ክፉ ሆነው አይደለም። እሳቸው የሚያውቁት ወረቀት ወይ ከሰል ማያያዣ ነው፣ ወይ መጠቅለያ ነው። እኛም ብንሆን ሱቅ ስንላክ በአሮጌ ደብተር ወረቀት የተጠቀለለ ስኳርና ቆሎ ይዘን እየተመለስን ነው ያደግነው። የሚያናድደኝ የኛ ትውልድ ነው። ተምረናል እንላለን፣ ለልጆቻችን ከለርና ማርከር እንገዛለን፣ የሳሉበትን ደግሞ እንጥላለን። ታዲያ ለምን ገዛንላቸው?

ቦታ የለም ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። እኔም የምኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ያውም ተከራይቼ። አከራዬ ግድግዳው ላይ ሚስማር እንዲመታ አይፈልጉም። ፕላስተር ደግሞ ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ይነሳል። ግን እኮ በዓመት አንዴ እንኳን ለማይወጣው የእንግዳ ሰሃንና ብርጭቆ ሙሉ ቡፌ ሰጥተናል! ለልጁ አንድ ካርቶን ጠፋ?

ኬጂዎችም እባካችሁ ስሙን። ምስርና በቆሎ በኮላ የተለጠፈበት ሥራ ሰኔ ላይ፣ ልክ ዝናቡ ሲጀምር ትልኩልናላችሁ። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ሲጠጣ ይከርማል። በቆሎው ነቀዝ ያፈራል፣ ኮላው ይሻግታል፣ ሻጋታው አጠገቡ ወዳለው ስዕል ሁሉ ይዛመታል። መስከረም ላይ ካርቶኑ ሲከፈት ሽታው አያስቀርብም። ሌላው ደግሞ የፎቶኮፒ ዳክዬ ነው። ክፍሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ዳክዬ ቀለም ቀብቶ «የልጅዎ ስዕል» ተብሎ ይመጣል። የልጄ እጅ የቱ ጋ ነው ያለው? ባዶ ወረቀት ስጧቸው። ይበቃቸዋል።

«ላሚኔት አድርጊው»፣ ማለትም በማሽን ፕላስቲክ ውስጥ አሽጊው፣ የሚለኝም ሰው አለ። ሰም ያለበት ከለር በማሽኑ ሙቀት ይቀልጣል። አንዴ ከታሸገ ደግሞ መመለሻ የለውም። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የማርከር ስዕልም ቀለሙ እየደበዘዘ ይሄዳል።

መላው ውድ አይደለም። አብዛኛው ስዕል በኤ4 ወረቀት ነው፣ 21 በ29.7 ሴንቲ ሜትር። ትልቁ ኤ3 የዚያ እጥፍ ነው። ሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን በኤ3 ልክ ቁረጡ፣ ስዕሎቹን መሃል አስተኙ፣ በላስቲክ እሰሩ፣ ቁምሳጥን አናት ላይ አስቀምጡ። ወለል ላይ አይሁን፣ እርጥበት የሚያሰርገው ግድግዳም አይንካው። ጀርባው ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ልጁ ስለ ስዕሉ የተናገረውን በእርሳስ ጻፉ፤ የማርከር ቀለም ወደ ፊት ያልፋል።

ሁሉም ይቀመጥ አላልኩም። ሁሉንም የሚችል ቤት የለም። ግን የሚቀረውን ልጁ ይምረጥ። እኔ ብሆን የምጥለውን፣ ሦስት የተጣመሙ መስመሮች ብቻ ያሉበትን ወረቀት፣ ልጄ መጀመሪያ አነሳችው። «ይሄ አባዬ ሲያስነጥስ ነው» አለች። አየሁት። እውነትም ማስነጠስ ነው! የማይቀመጠውን መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ እናነሳና ለአያቷ በቴሌግራም እንልካለን። እንደ ፋይል ላኩት፣ ካልሆነ ጥራቱ ይወርዳል።

ከሁሉም የሚያበግነኝን ልናገር። መስከረም 1 ጠዋት የሰፈሩ ልጆች አደይ አበባውን፣ ፀሐዩን፣ መልአኩን ስለው በራችንን ያንኳኳሉ። «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገራችሁ» ብለው ይሰጡናል። እኛም ስዕሉን ሳናይ ብር እንሰጣለን። በማግስቱ መልአኩ ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ብሎኩ ሥር ያለው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። እነዚያው ልጆች እዚያው አጠገብ ኳስ ይጫወታሉ። ስዕላቸውን አያውቁትም መሰላችሁ?

ለመጪው እንቁጣጣሽ እለምናችኋለሁ። ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ስዕሉን እዩት። ማን እንደሳለው ጠይቁ። ቢያንስ እስከ መስቀል ድረስ በራችሁ ላይ ይቆይ።