ለምንተኛባት መኪና ፊውዝ መለመን ሰለቸኝ

ኧረ ወገን! ለአንድ ባትሪ ትክክለኛ ኬብልና ፊውዝ ማስገጠም ይህን ያህል ያስለምናል? ደሴ ላይ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ያልጠየቅኩት ባለሙያ የለም ማለት ይቻላል። ኮምቦልቻም ወርጃለሁ። የትም ብሄድ መልሱ ያው ነው፦ «አብሽር ወንድሜ፣ ይችላል!»

ለማታውቁን፣ እኔና ባለቤቴ ሠርግ እንቀርጻለን። ዛሬ ሐይቅ ከሆንን ነገ ባቲ፣ ሌላ ጊዜ ወረ ኢሉ ነን። አልቤርጎ ባልተገኘበት ማደሪያችን ሃይሩፏ፣ ሚኒባሳችን ናት። የኋላ ወንበሮቿን አውጥተን አልጋና ትንሽ ፍሪጅ አስገብተንባታል፤ የካሜራውን ባትሪዎችና ላፕቶፑንም ቻርጅ የምናደርገው እዚያው ነው። አሁን የኤሌክትሪክ አቅሟን ማሳደግ ፈለግን፦ ሁለተኛ ባትሪ፣ 1500 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት 220 የሚቀይረው)፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር። በቃ ይኸው ነው የጠየቅነው።

መጀመሪያ ባትሪው። «200 አምፒር ሰዓት» ተብሎ የተጻፈበትን ባለ 12 ቮልት ባትሪ የሱቁ ልጅ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አመጣልኝ። የዚህ መጠን የአሲድ ባትሪ እኮ 60 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል! ክብደት የሚሰጠው የእርሳስ ብረት የታል ብል «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው» ተባልኩ። ሊቲየም ቢሆን ቅለቱ በገባኝ፤ ግን አሲድ የሚጨመርበት ክዳን አለው። ወላሂ ያበሳጫል። ሰው ስንት ጊዜ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ነው እኮ የሚመጣው። ሌላኛው ሱቅ ደግሞ የጭነት መኪና ማስነሻ ባትሪ አቀረበልኝ። የማስነሻ ባትሪ ሥራው ለጥቂት ሰከንድ ሞተሪኖውን አስነስቶ ወዲያው ከዲናሞ መልሶ መሞላት ነው። ሌሊቱን ሁሉ ፍሪጅ እየነዳ በየቀኑ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜ አይኖረውም። ይህን የሚሸጠው ሰው ሊነግረኝ ይገባ ነበር።

የበለጠ ያንገበገበኝ ግን ኬብሉ ነው። ለ1500 ዋት ኢንቨርተር የቤት መስመር ባለ 6 (ውፍረቱ 6 ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ ቆርጠው አመጡልኝ። «ቤት ውስጥ ምጣድ የሚሸከም ሽቦ ነው፣ ይኼን አያቅተውም» አሉኝ። ችግሩ እዚህ ጋ ነው! ቤት 220 ቮልት ነው፣ መኪና 12 ቮልት። ለአንድ ዓይነት ዋት በ12 ቮልት የሚያልፈው ከረንት 18 እጥፍ ይሆናል። 1500 ዋት ቤት ውስጥ 7 አምፒር አይሞላም፤ መኪና ላይ 125 አምፒር ነው፣ ኢንቨርተሩ ራሱ የሚያባክነው ሲጨመርበት ወደ 140 ይጠጋል። ይህ ባለ 35 ኬብል የሚፈልግ ሥራ ነው፣ እሱም አጭር ሆኖ። በባለ 6 ሽቦ ከሄደ ሽቦው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያ እኛ የምንተኛበት ፍራሽ አለ።

ፊውዝስ ስል ደግሞ ምን ብባል ጥሩ ነው? «ፊውዝ ምን ያደርግልሃል፣ እየተቃጠለ ያስቸግርሃል!» ፊውዙ የሚቃጠለው እኮ ሽቦው እንዳይቃጠል ነው! ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት፤ ምክንያቱም ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። ባትሪ ደግሞ እንደ መንግሥት መብራት ቆጣሪ ላይ ብሬከር የለውም፤ ሽቦው የሆነ ቦታ ተፍቆ ቦዲውን ከነካ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር በአንዴ ይለቃል። በዚያ ሁሉ ላይ የኬብሉን ጫፍ በመዶሻ ቀጥቅጦ ናስትሮ ጠቅልሎ «ጨርሻለሁ» የሚል አለ። የገጠሩን ኮረኮንች የምናውቀው እኛ ነን፤ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጫፍ በንዝረት ይላላል፣ የላላ ቦታ ደግሞ ይግላል።

ሐረጎን እናንሳ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ያለውን ዳገት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተሰልፎ ቀስ እያሉ መጎተት ነው። አሲዱን ትተን ሊቲየም ባትሪ ብንገዛ ደግሞ፣ በቀጥታ ከዲናሞው ጋር ከተያያዘ የተሰጠውን ከረንት ሁሉ ይስባል፣ በቃኝ አይልም። ዲናሞው የሚቀዘቅዘው በራሱ ማራገቢያ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ማራገቢያውም ቀስ ይላል። ከፍተኛ ጭነትና ትንሽ አየር ዲናሞውን ያነደዋል። ለዚህ በመሃል የሚገባ፣ ከረንቱን ለምሳሌ 30 አምፒር ላይ የሚገድብ ቻርጀር አለ። ስጠይቅ «አያስፈልግም፣ ቀጥታ እናገናኘዋለን» የማይል አላገኘሁም። ሶላሩ ይተካዋል እንዳልል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የደሴን ጭጋግ ለምታውቁት ምን እነግራችኋለሁ።

የደሴና የኮምቦልቻ መካኒኮችን እየናቅኩ አይደለም። ሞተር ላይ እጃቸው ይባረክ፣ ስንቴ ከመንገድ አንስተውናል። ለዚህ ነው የሚቆጨኝም። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ዋትን ለቮልት ማካፈል ለምን ይሰለቸዋል? አንድ አዛውንት ባለሙያን «ጋሼ፣ ይህ ሽቦ ስንት አምፒር ይሸከማል?» ብዬ በአክብሮት ብጠይቃቸው «አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ ባለሙያው?» ብለው ተቆጡኝ። የጠየቅኩት ላጣጥላቸው አልነበረም። ባለቤቴ የምትተኛው ከዚያ ባትሪ በላይ ባለው አልጋ ላይ ስለሆነ ነው።

አሁን የምፈልገው ግልጽ ነው። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ የኬብል ጫፍ በመጭመቂያ ማሽን የሚያስር፣ ባለ 35 ኬብልና የ150 አምፒር ፊውዝ ያለው ወይም የሚያስመጣ፣ ቴስተሩን አውጥቶ ኢንቨርተሩ እየሠራ ቮልት የሚለካ ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ። ዋጋ ላይ አልከራከርም፤ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳየኝ ብቻ። የጥር ሠርግ ሳይገባ መኪናዋን ይዤለት እመጣለሁ።