«ብቻውን አይደብረውም?»

ይሄን ጥያቄ መስማት አንገፍግፎኛል። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ አኳሪየሙ ፊት ይቆማል፣ ብርቱካንማውን ዓሣ ያያል፣ ከዚያ ፊቱ ይከፋል። «ውይ፣ ብቻውን ነው እንዴ? ጓደኛ አምጪለት እንጂ!»

ጓደኛ! ክላሪዮን ኤንጅልፊሽ የሚባል፣ ክልሉን የማያስደፍር የባሕር ዓሣ እኮ ነው። በዚህች ገንዳ ውስጥ ሌላ ኤንጅልፊሽ ባስገባበት አይምረውም። ክንፉን ይነጭለታል፣ ጥግ ያስይዘዋል፣ ምግብ ይከለክለዋል፣ በመጨረሻም ይገድለዋል። ባሕር ውስጥ ቢሆን የተሸነፈው ሸሽቶ ያመልጣል። እዚህ ወዴት ይሽሽ? በአራቱም በኩል መስታወት ነው።

ደግሞስ ከየት ነው የማመጣው? የዚህ ዓሣ ዋና መኖሪያ ከሜክሲኮ ራቅ ብለው ፓሲፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት የሬቪያሂሄዶ ደሴቶች ናቸው። ከ2017 ጀምሮ ሳይቲስ በሚባለው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚመለከት ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ስለሆነ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አይሻገርም። የእኔው በእርባታ የተፈለፈለ ነው። እሱም ቢሆን የመጣው ከነወረቀቱ ነው። ሰዎቹ ግን አንድ እግሩ የጠፋ ካልሲ ያዩ ይመስል «ሁለተኛውስ?» ይሉኛል።

አንዴ ተሳስቼ ማንታ ሬይ ስለሚባለው ግዙፍ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ አወራሁ። በደሴቶቹ ዙሪያ ማንታዎቹ ሲመጡ ክላሪዮኖች ቆዳቸው ላይ የተጣበቁትን ጥገኛ ተሕዋስያን እየለቀሙ ይበሉላቸዋል። ይሄን ስናገር አንዱ እንግዳ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በቃ፣ ትንሽዬ ማንታ አምጪለታ!» የውቅያኖስ ማንታ እኮ ከክንፍ እስከ ክንፍ 7 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሳሎኑን ለቅቄለት ልውጣ?

ከሚያዝኑት ይልቅ የሚብሱብኝ ግን የሚያግዙኝ ናቸው። ውሃው ጎደል ሲል የጨው ውሃ ይዘው ከተፍ ይላሉ። ኧረ በፈጠራችሁ! የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨው አይተንም። ስለዚህ የሚጨመረው የተጣራ፣ ጨው የሌለው ውሃ ነው። በሊትር 35 ግራም አካባቢ መሆን ያለበት ጨው በእናንተ ደግነት ሲያሻቅብ ዓሣው ነው የሚሰቃየው።

«ርቦት ነው፣ አፉን እየከፈተ ነው» ባዮችም አላችሁ። አፉን የሚከፍተው ሁሌም ነው! ሰው ባየ ቁጥር ወደ መስታወቱ እየመጣ ይለምናል፣ ቢጠግብም ባይጠግብም። በጎን የምትወረውሩለት ምግብ ታች ወርዶ ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ ለእሱ መርዝ ነው። ሎሽን የተቀባ እጁን ውሃው ውስጥ ስለሚከተው ሰው ምንም አልልም። እሱን ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ።

ማዘን ያማረው ካለ ነገ ይምጣ። ውሃ የምቀይርበት ቀን ነው፤ ባልዲው ደግሞ ከባድ ነው።