ሥራው ያልታወቀ ነዋሪ

በእኛ ሰፈር አዲስ ተከራይ ሲገባ ከስሙ በፊት ሥራው ይጣራል፤ ካልታወቀም ሰፈሩ ራሱ ይቀጥረዋል። በመጀመሪያው ሳምንት «ደላላ ነው» ይባላል፤ ወር ሞልቶት አሁንም ረፋድ ላይ ከቤቱ የሚወጣ ከሆነ ግን፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ «የደኅንነት ሰው ሳይሆን አይቀርም» ይባላል።

በነርቭ ሴሎቻችን ሽፋን ላይ በብዛት የሚገኘው የፕሪዮን ፕሮቲንም በተመራማሪዎች ዘንድ የገጠመው ይኸው ነው። ብዙ የሽፋን ፕሮቲኖች ግድግዳውን በስተው ውስጥም ውጭም ሲኖሩ፣ እሱ በስብ መልህቅ ታስሮ በውጭ በኩል ብቻ ስለሚንጠለጠል፣ ደጅ ጠኚ ነው ማለት ይቻላል። የዙሪክ ተመራማሪዎች ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቅርጹን ሲገልጡ፣ ወደ ሽፋኑ የቀረበው ግማሽ አካሉ በሦስት ጥምዝምዞች በሥርዓት ታጥፎ፣ ሌላው ግማሽ ግን ቅርጽ አልባ ሆኖ ሲወዛወዝ ተገኘ፤ ከወገቡ በታች የተተኮሰ ሱሪ ለብሶ፣ ከወገቡ በላይ ነጠላውን ለነፋስ የሰጠ ሰው ይመስላል። በዚህ በሚወዛወዘው በኩል መዳብ ይይዛልና «ቆራሌው ነው» ያሉ አልጠፉም። ነርቭ ጠባቂ ነው፣ መልእክት አቀባይ ነው ያሉም አሉ።

ነገሩን ያወሳሰበው ግን በ1992 ዘረ መሉ የጠፋባቸው አይጦች ተወልደው፣ አድገው፣ መውለዳቸው ነው፤ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ቢሮው አለመኖሩን ሳያውቅ የከረመ ሠራተኛ አይተን እናውቃለን። በኖርዌይ ይህ ፕሮቲን በተፈጥሮ የሌላቸው ፍየሎች እንኳ ተገኝተዋል። አይጦቹ ሲያረጁ የነርቮቻቸው መሸፈኛ መበላሸቱ የታየው ኋላ ላይ ነው።

ጥፋቱ ግን እንደ ሥራው አልተሰወረም። አጣጣፉ ሲበላሽ ጤነኛ ባልንጀሮቹን በራሱ አምሳል እያጣመመ፣ በላም የእብደት በሽታን፣ በሰውም ፈውስ የሌለው የአንጎል ሕመም ያመጣል። ይህን ያስረዱትና በ1982 ስሙን ያወጡለት ስታንሊ ፕሩሲነር በ1997 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፤ ሥራው ሳይታወቅ በጥፋቱ ሌላ ሰው ያሸለመ ሌላ ነዋሪ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ባለፈው እሑድ ለእድራችን ጸሐፊ በዝርዝር አስረዳኋቸው። ጋሼ አዳምጠው ሲያበቁ ግራ ቀኙን ተመለከቱና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ደጅ ላይ ይቆማል፣ የሚሠራው አይታወቅም፣ ቢጠፋም ማንም ልብ አይልም? ልጄ፣ ይሄማ የደኅንነት ሰው ነው።»