እርማት፦ ሁለት ሰው የሰማው ቃል ቤት አያወርስም

የቡሬው ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ነፍስ ይማር። «አባታችን ሊያርፉ ሲሉ በንስሐ አባታቸውና በአንድ ጎረቤት ፊት ‹ቤቱ ለትንሹ ልጄ ነው› ብለዋል፤ ሁለት ምስክር ስላለ ኑዛዜው ጸንቷል» ያልከው ግን ስሕተት ነው። በእኛ በጎጃም ይህ አባባል ገና ከሐዘን ድንኳኑ ይጀምራል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜን ያውቃል፤ ሁለት ምስክርም ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ቁጥር 893ን አንብበው፦ በቃል መናዘዝ የሚቻለው ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ስለሚሾም ሞግዚትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ዛሬ 500 ብር ደህና ዶሮ መግዛቱንም እጠራጠራለሁ። ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ደግሞ ያው ቃል ይፈርሳል።

የአጎቴ ኑዛዜ በዳዊታቸው ገጾች መካከል የታጠፈ የደብተር ወረቀት ነበር፤ ጽሑፉ የልጅ ልጃቸው፣ ከሥሩ የሁለት ሰዎች ፊርማ። አልጸናም። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ፣ ይኸው ተገልጾበት መፈረም አለበት። ሁለት የሚበቃው አንደኛው በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። አጎቴ ሙሉውን በገዛ እጃቸው ጽፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው፣ በየገጹ ቀን ጽፈው ቢፈርሙ ኖሮ ምስክርም ባላስፈለጋቸው!

ስለዚህ ሌላ ኑዛዜ ከሌለ ቤቱ ላይ ያላቸውን ድርሻ ልጆቹ እኩል ትወርሳላችሁ፤ የወራሽነት ማስረጃውን ከፍርድ ቤት ጠይቁ። የእርሻ መሬቱን ከዚህ ጋር አትቀላቅለው፤ እሱ በክልሉ የገጠር መሬት ሕግ የሚታይ ነው።