«ስቴንለስ ነው» አይበቃም፤ ቁጥሩ ይጻፍልን

የቤቴን ደረጃ መደገፊያ ያሠራሁት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ቤቴ ከጣና ብዙም አይርቅም። ክረምት ሲገባ ዝናቡና እርጥበቱ ብረትን እንዴት እንደሚበላ ባሕር ዳር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቀለም የሚቀባውን ብረት ትቼ ብሬን ቆጥቤ ስቴንለስ መረጥኩ። ሻጩ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ቧንቧው ላይ አስጠጋው። አልያዘም። «አዩት ጋሼ? ኦሪጅናል ነው፤ ማግኔት አይነካውም» አለኝ። አመንኩት። ሁለተኛው ክረምት ሳይወጣ ብየዳው ዙሪያና ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ።

ሰውየው ዋሸኝ ማለት ይከብደኛል። ምናልባት እሱም ከማግኔቱ በላይ የነገረው የለም። የእኔ ቅሬታ ከዚህ ይሰፋል። ከተማችን ውስጥ ስቴንለስ የሚሸጠው በስሙ ብቻ ነው። ስቴንለስ ግን እንደ ጤፍ ነው። ማኛ አለ፣ ነጭ አለ፣ ሰርገኛ አለ፣ ቀይ አለ። ገበያ ወጥቶ «ጤፍ ስጡኝ» ብሎ ዝም የሚል ሰው የለም። ለብረት ሲሆን ግን ሁላችንም ዝም እንላለን።

ሁሉንም ስቴንለስ አንድ የሚያደርገው ክሮሚየም ነው። ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ይኖረዋል። ይህ ክሮሚየም ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ከአንድ ፀጉር ውፍረት ከአስር ሺህ ጊዜ በላይ የቀጠነ ሽፋን ነው። ብረቱ ሲጫር ኦክስጅን ካገኘ ራሱን መልሶ ይሸፍናል። ቀለም ቢሆን አንዴ ከተላጠ አለቀለት። ይህንን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከክሮሚየሙ ጋር በሚጨመረው ነገር ነው። ዓይነቶቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ በጣም የሚታወቀው 304 ነው። ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል አለው። ማንኪያ ወይም ፔርሙዝ ላይ «18/8» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ከሆነ ትርጉሙ ይኸው ነው። 430 የሚባለው ክሮሚየም አለው፣ ኒኬል ግን የለውም ማለት ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ማግኔት ይይዘዋል፣ ለደረቅ ቦታና ለቤት ውስጥ ዕቃ ይበቃል።

አሁን ወደ 201 ልምጣ። ኒኬል ውድ ነው። 201 በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኒኬል ሲያጥር ግማሽ ያህሉን ቀንሰው በማንጋኒዝና በናይትሮጅን የተኩበት ዓይነት ነው። 201 ሲታይ ከ304 አይለይም። ያብለጨልጫል። ማግኔትም አይይዘውም። የእኔ ሻጭ ማግኔት የነገረኝ «ይህ 430 አይደለም» የሚል ብቻ ነበር፤ እኔ ግን «ይህ 304 ነው» ብሎ የማለልኝ መስሎኝ ነበር። ደግሞ የተገላቢጦሹም አለ። ጥሩ 304 ቧንቧ በጣም ሲታጠፍ የታጠፈበት ቦታ ማግኔት ትንሽ ሊስብ ይችላል። በዚህ ምክንያት ደህናውን ዕቃ «ፎርጅድ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ይኖራል።

201 መጥፎ ብረት ነው እያልኩ አይደለም። እንዲያውም ከ304 ይጠነክራል። ለሳሎን ጠረጴዛ እግር፣ ለወንበር ጥሩ ነው። ዝናብ ለሚመታው ደረጃ ግን ዝገትን የመቋቋም አቅሙ ከ304 ያንሳል። በ304 ዋጋ መሸጡ ደግሞ ልክ አይደለም።

በሌላ በኩል ሳያስፈልግ ገንዘብ የሚያፈሱም አሉ። አንድ የማውቀው ሰው ሐይቁ ዳር ለሚሠራው ቤት «ውሃ ዳር ስለሆነ 316 ካልሆነ አይሆንም» ተብሎ ተመክሯል። 316 ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተጨመረበት ነው። ሞሊብዲነሙ የሚጠቅመው በተለይ ጨው ያለበት ቦታ ነው። ምክሩ ለጅቡቲ ወይም ለምጽዋ ቢሆን እኔም እስማማለሁ። እኛ ግን ጣናን ባሕር ብንለው፣ ከተማችንንም ባሕር ዳር ብንላት፣ ውሃው ጨው አይደለም። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያስገቡትን አባይ ይዞት ይወጣል። መውጫ እንደሌላቸው እንደ ሻላና አቢጃታ የተጠራቀመ ጨው የለውም። ለጣና ዳር ደረጃና በረንዳ በደንብ የተበየደ 304 ይበቃል።

እዚህ ስቴንለሳችንን የሚጎዳው ከሐይቁ ይልቅ በረኪና ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ያንን ስስ ሽፋን ይበሳዋል። የእኔ መደገፊያ ከሥሩ የዛገው ወለሉ በየሳምንቱ በበረኪና ስለሚወለወል ነው። ቀረሶና አምባዛ የሚታረድበት የምግብ ቤት ጠረጴዛም እንደዚሁ ነው። በበረኪና ከታጠበ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ድስት ላይም ውሃው ሳይፈላ ጨው ከተጨመረ ጨው ከታች ተኝቶ ትንንሽ ጉድጓድ ይሠራል። ከፈላ በኋላ ጨምሩት።

ብየዳውም ሌላ ጉዳይ ነው። ሲበየድ የሚታየው ሰማያዊና ቡናማ ቀለም መጽዳት አለበት፤ እዚያ ቦታ ሽፋኑ ተዳክሟል። ተራ ብረት የተቆረጠበትን የግራይንደር ዲስክ ስቴንለስ ላይ መጠቀም ደግሞ የብረት ብናኝ ይተክልበታል። ያ ብናኝ ይዝግና ስቴንለሱ የዛገ ይመስላል። በያጅ ልጆቻችን እጃቸው ጎበዝ ነው፤ ይህንን የሚነግራቸው ግን አላገኙም።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ደረሰኝ ላይ «ስቴንለስ ቧንቧ» ብቻ አይጻፍ። ቁጥሩና ውፍረቱ ይጻፍ። አስመጪው የፋብሪካውን ሰርተፊኬት ቅጂ ለቸርቻሪው ይስጥ። የብረቱን ይዘት በሰከንዶች የሚያነብ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ውድ ስለሆነ እያንዳንዱ ሱቅ ይግዛ አልልም። ከተማው ውስጥ አንድ ቦታ ቢኖርና በክፍያ ቢያገለግል ግን እኔ የመጀመሪያው ደንበኛ እሆናለሁ።

ባለፈው ሳምንት መደገፊያውን አስነቀልኩት። ከአዲሱ ሠሪ ጋር ስንዋዋል ወረቀቱ ላይ «304፣ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ በአርጎን ብየዳ፣ ብየዳው የጸዳ» ብዬ አስጻፍኩ። ልጁ ትንሽ አሰበና «ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። ይጨምር አልኩትና ፈረምን።